የሰፈራ አይብ

ሁሩሙ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመሀመድ ሰዒድ፤

በዚያ በብርድ አገር የአላህ ሰላምና እዝነት ከአንተ ጋር ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አልወጣም ብሎ ቡናውን እያስቸገረው ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። እናቴና አባትህ የወንድማማች ልጆች ይሁኑ እንጂ አንተና እኔ ከለቅሶና ከሰርግ ውጭ ቁጭ ብለን ተጫውተን አናውቅም። ስልክ እንዳልደውልልህ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ነው፤ እዚያ ወጥቼ ትንፋሼ እስኪመለስ ሒሳቡ ያልቃል። ደግሞ በስልክ ስናደድ ቃል ይጠፋኛል። ወረቀት ላይ ስናደድ ግን እየበረታሁ ነው የምሄደው።

የተናደድኩት በአይባችን ነው። ባለፈው ቅዳሜ መቱ ገበያ ተቀምጠን ነጭ ገዋን የለበሰ ተቆጣጣሪ መጣና «ይሄ ምንድን ነው?» አለን። የፍየል አይብ ነው አልነው። ቅሉን በእርሳሱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገና ሁሉንም ወስዶ ቦይ ውስጥ ደፋው። የኔን፣ የእማማ ስንቄን፣ የሰሚራን፣ የማኅበራችንን ሴቶች የሁላችንንም። የመቱ ውሾች ጠግበው አደሩ። ሰው ቆሞ ያያል፣ «የሰፈራ አይብ ተደፋ» እያለ አንዳንዱ ይስቃል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አልቅሼ አላሳየኋቸውም።

አንተ በልጅነትህ በልተኸዋል። በሰባ ሰባት ከወሎ አምጥተው ሲያሰፍሩን ከብቶቻችንን የገንዲ በሽታ ጨረሰብን፤ የቆሙልን ፍየሎቹ ነበሩ። በፍየል ወተት ነው ያደግነው። በኋላ አይቡን የመቱ ሰው ለመደው፤ ጋሼ ፈንታሁን፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ባለ ሆቴሉ፣ ከማር ጋር እያቀረበ ስንት ሰው አበላበት። ዛሬ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በአይቡ ነው።

ተቆጣጣሪው እንዲህ አለን፤ ሲሚንቶ ወለል ያለው ክፍል ሥሩ፣ ቅል ጣሉ፣ ወተቱን መጀመሪያ አፍሉ፣ ሁላችሁም ጤና ጣቢያ ተመርመሩ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ካላሟላችሁ መቱ ገበያ እንዳላያችሁ።

የአይብ ፋብሪካ ውስጥ እንደምትሠራ ሰምቻለሁ፤ ያውም የፍየል። ገንዘብ ላክልኝ አላልኩም፣ እንዳትደነግጥ። እናንተ ጋ እንዴት እንደሚሠሩት ብቻ ጻፍልኝ። አይባችን ሁለተኛ ቦይ ውስጥ አይገባም፤ ይህን በአላህ ስም ምያለሁ።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ።

እህትህ ሙፊዳ


ኖርዌይ፣ ኅዳር 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሙፊዳ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ። ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ፣ የጎረቤቱም ጤና እንደምን ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የቦዩን ነገር ሳነብ ደሜ ፈላ፤ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ እዚህም ቢሆን ይደፉት ነበር። እዚህ አይብ ቤት ሰው ዝም ብሎ አይገባም። ጫማ ይለወጣል፣ ፀጉር ይሸፈናል፣ ጢሜ ሳይቀር የራሱ መሸፈኛ አለው፤ ቢያዩኝ ይስቁ ነበር። እኔ የምሠራው እጥበቱን ነው። ጋኖቹን፣ ቧንቧዎቹን፣ ወለሉን ማጠብ። ወተቱ እንደገባ መጀመሪያ ይሞቃል፤ ሳይሞቅ ማንም አይነካውም። የፍየል ወተት በሽታ ያስተላልፋል፤ ትኩሳቱና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ለዓመታት የማይለቅ አለ ይላሉ። ስለዚህ ማፍላቱን እሺ ይበሉ። ቅሉንም ይተዉት፣ ውስጡ ታጥቦ አይጠራም። የሙቀት መለኪያ በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ።

ለመሆኑ አሁን በመንደሩ ስንት የሚታለቡ ፍየሎች አሉ? በቀን ምን ያህል ወተት ይወጣል? መንገድ ዳር ያለው የድሮው የእህል መጋዘን መሬት የማን ነው? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

አላህ ሥራዎን ያቅናልዎት።

አክባሪዎ መሀመድ ሰዒድ


ሁሩሙ፣ ጥር 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመሀመድ፤

አላህ ጢምህንም አንተንም ይጠብቅልኝ። የጢሙን መሸፈኛ ለሴቶቹ ሳነብላቸው ሰሚራ ስቃ ስቃ ከበርጩማዋ ወደቀች።

መለኪያው ደርሶኛል። ሥራው ግን እንደ መለኪያው ቀጥ ያለ አይደለም፤ ስማኝ።

መጀመሪያ ቅሉን ተውን አልን። ወረዳ ግብርና ዓያንቱ የምትባል ልጅ አለች፤ በሳምንት አንዴ በእግሯ መጥታ ታግዘናለች። የብረት ወተት ማጠራቀሚያ እስኪገኝ በሚል ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ከነክዳኑ አመጣችልን። ደስ አለን፣ አጠብነው። ከዚያስ? ወተት የሚገባበት ዕቃ ሳይታጠን እንዴት ይሆናል! እናቶቻችን ሲያደርጉ እንዳየነው የወይራ ፍም ጨምረን፣ ክዳኑን ገጥመን፣ ጢሱን እንዲጠጣ ትተነው ሄድን። ስንመለስ ባልዲው ተኮማትሮ መሬቱ ላይ ተለጥፏል፤ ሽታው መንደሩን ሞልቶታል። ዓያንቱ ስትመጣ አይታ ወገቧን ይዛ፣ «አዴ ሙፊዳ! ፕላስቲክ ታጠናላችሁ እንዴ?» አለች። «ሳይታጠን ንጹሕ ነው ብለሽ ነው?» አለቻት ስንቄ። ስንቄ የምሯን ነው፤ እኔም ብሆን እሷ ካልተናገረች ልናገር ነበር።

የባሰው ማፍላቱ ነው። አንተ ገና በልጅነትህ ከዚህ ስለሄድክ ረስተኸው ይሆናል። ጥሬ ወተት እሳት ላይ ከተጣደ የፍየሏ ጡት ይደርቃል ይባላል። ከረጋ በኋላ እርጎ ነው፤ ያኔ ለብ ብናደርገው ፍየሏ አይሰማትም። ጥሬውን ማፍላት ግን ፍየሏን ራሷን ምጣድ ላይ እንደ ማውጣት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። ስንቄ በማርያም ስም ምላ «የኔን ፍየል ወተት የሚያፈላ እኔን ይግደል» አለች። ሴቶቹ አብረዋት ቆሙ።

እኔም ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽህም። ግን የመቱ ቦይ ከፍየል ጡት ይልቅ አስፈራኝ። የራሴን ፍየል አልቤ፣ ሁሉም እያዩ፣ ወተቱን አፈላሁት። ከዚያ እንደ ልማዳችን ከድኜ አስቀመጥኩት። አልረጋም! በማግስቱ አልረጋም፣ በሦስተኛው ቀን መሮ ሸተተ። «ወተቱን ገደልሽው» አሉኝ። ዓያንቱ በዚያ ሳምንት ለስብሰባ መቱ ሄዳ የምጠይቀው አጣሁ።

እናንተ ጋ ከፈላ በኋላ ምን ታደርጉታላችሁ? ቶሎ ጻፍልኝ። የመጋዘኑን መሬት ደግሞ ለምን ጠየቅከኝ? «እንዲሁ» የሚባል ጥያቄ አላውቅም።

አላህ በጎውን ያሰማኝ።

ሙፊዳ


ኖርዌይ፣ መጋቢት 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙፊዳ፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ አይቀየሙኝ፤ እዚህ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ዋናውን አይብ ሠሪ ጠይቄዋለሁ። ሲፈላ የሚያረጋውም ነገር አብሮ ያልቃል አለኝ። ስለዚህ ጣትዎ እስኪችለው አቀዝቅዘው ከደህና እርጎ ጥቂት ማንኪያ እርሾ ይጨምሩበት።

ግን እትዬ፣ ቆም ብለው እንዲያስቡት እፈልጋለሁ። ክፍል መሥራት፣ ሲሚንቶ፣ ውኃ፣ ምርመራ፤ ይህ ሁሉ ለሴቶች ማኅበር ከባድ ነው። ጋሼ ፈንታሁን ማሽን ሊያስገባ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ወተቱን ብቻ ቢሸጡለት ምን ይጎዳዎታል? ጠዋት አልበው ያስረክባሉ፣ ድካሙ የሱ ይሆናል፣ ተቆጣጣሪም ደጅዎ አይመጣም። በዚህ ዕድሜዎ ማረፍ ይገባዎታል።

አላህ መልካሙን ያመልክትዎት።

መሀመድ ሰዒድ


ሁሩሙ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2005 ዓ.ም.

መሀመድ፤

አላህ ሰላም ያድርግህ። ሰላምታዬ ያጠረው ቀለም አልቆብኝ አይደለም።

እርሾውን ደብዳቤህ ሳይደርስ ደርሰንበታል። ዓያንቱ ከስብሰባዋ ስትመለስ ነግራን ከሰሚራ ቤት እርጎ አመጣን፤ ረጋ፣ አይብም ወጣው። የድሮው ጣዕም ትንሽ ይጎድለዋል፣ ሐቁን መናገር አለብኝ። ጢሱንም አልተውንም፤ ብረት ማጠራቀሚያው ሲመጣ በወይራ አጠንነው፣ ብረት አይቀልጥም። ዓያንቱ «ከታጠበ በኋላ ከሆነ ማን ይከለክላችኋል?» አለችን።

ከዚያ ግን የኔዋ ፍየል አንደኛው ጡቷ ደነደነ። ያችው ወተቷን ያፈላሁባት! ስንቄ መጥታ ጡቱን ዳሰሰችና ጥላኝ ሄደች። ማኅበሩ ሊፈርስ ደረሰ፤ ግማሾቹ በዚያ ሳምንት ወተታቸውን ከለከሉኝ። እኔ ግን አፈላሁ። የታመመውን ጡት ለብቻ እያለብኩ እየደፋሁ፣ የደህናውን ጡት ወተት በየቀኑ አፈላሁ። ጡቷ ከደረቀ ይድረቅ፣ ያኔ አምኜ እተዋለሁ አልኩ። ዓያንቱ አይታ የጡት በሽታ ነው አለች፤ ባልታጠበ እጅ ሲታለብ የሚገባ። መድኃኒት ሰጠቻት። ፍየሏ ዳነች፤ ያውም እሳቱ ሳይቋረጥ። ስንቄ ይህን ስታይ ማልዳ የራሷን ወተት ይዛልኝ መጣች። «እኔ አላፈላም፣ አንቺ አፍዪው» ብላ ፊቷን አዙራ ቆመች። እስኪፈላ ድረስ ግን አልሄደችም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

ጋሼ ፈንታሁን ባለፈው ማክሰኞ በፒክአፕ መጣ። ውል ይዟል፤ ወተታችንን በሙሉ ለእሱ እንድንሸጥ፣ አይብ መሥራታችንን እንድናቆም። መጋዘኑ ያለበትን መሬት ተከራይቶታል። እኔ እምቢ ስለው ሳቀና፣ «ምን ያከራክረናል እትዬ ሙፊዳ? ሸሪኬ እኮ የራስዎ ዘመድ ነው፤ ማሽኑን የሚልከው መሀመድ ሰዒድ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሰሙ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ፤ አብሬ የሸጥኳቸው መሰላቸው።

ስንት ፍየል አላችሁ አልከኝ፤ ምን ያህል ወተት ይወጣል አልከኝ፤ መሬቱ የማን ነው አልከኝ። እኔ ሞኟ ዘመድ ናፍቆት ጠየቀ ብዬ ነበር።

ማረፍ ይገባዎታል አልከኝ። ማን ደከመኝ አለህ? ጥሬ ወተት ምን እንደሆነ ረስተሃል? አይብ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይልኛል፤ ዋጋው ካላማረኝ ተሸክሜው እመለሳለሁ። ጥሬ ወተት እኩለ ቀን ሳይሞላ ይበላሻል፤ የገዢውን አፍ ነው የማየው። ዛሬ በደህና ይገዛናል፤ ነገ «ወተቱ ቀጥኗል» ይለናል፣ ከነገ ወዲያ በሰጠን መጠን እንቀበላለን። በሰባ ሰባት ከመኪና ላይ አውርደው ስንዴ ሲሰፍሩልን ተሰልፌ አውቃለሁ። ሁለተኛ ተሰልፌ የሚሰፈርልኝን አልጠብቅም።

ውሉን አልፈረምንም። ማኅበራችን ተሰብስቦ አንድ ደንብ አወጣ፦ ያላለበ አባል አይሆንም፣ አባል ያልሆነ ስለ ወተታችን አይወስንም። ስንቄ ናት ያወጣችው፤ የማን ስም እያሰበች እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል።

ለፈንታሁን የነገርኩትን ላንተም እነግርሃለሁ፤ ማሽንህን ላክ፣ መጋዘንህን ክፈት፣ ከኛ ግን አንዲት ጠብታ አታገኝም። ወይ አይባችንን ሠርተን እንሸጣለን፣ ወይ ፍየሎቹን አርደን እንበላለን።

አላህ ይፍረድ አልልህም፤ ዘመዴ ነህና። ግን ተቀይሜሃለሁ።

ሙፊዳ


ኖርዌይ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙፊዳ፤

አላህ ልብዎን ያራራልኝ። ረመዳኑ እያለቀ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ወር ይቅር ይበሉኝ ብሎ ብቻ ይጽፍ ነበር። እኔ ግን የምናገረው አለኝ፤ ይስሙኝና ከዚያ ይፍረዱ።

ይህ የምሠራበት መንደር ድሮ በየቤቱ አይብ ይሠራ ነበር። ዛሬ የቀሩት አንድ ባልና ሚስት ናቸው። ሌላው ሁሉ ወተቱን ለፋብሪካው ሸጦ፣ ልጆቹ ከኔ ጋር ጋን ያጥባሉ። ደንቡ ሲጠብቅ ትንንሾቹ አልቻሉም። የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ ያው ነገር ሁሩሙም ደረሰ አልኩ። መጥፋታችሁ ካልቀረ ገዢው ባዕድ ከሚሆን እኔ ልሁን አልኩ። የሰው ዕቃ ሳጥብ እጄ ተላጠ፤ ወደ አገሬ የምገባው አጣቢ ሆኜ ሳይሆን ባለቤት ሆኜ እንዲሆን ፈለግሁ። ይህ ኃጢአት ነው? እኔ አሁንም አይመስለኝም።

የተሳሳትኩት ከእርስዎ በመደበቄ ነው። ብነግርዎት እምቢ እንደሚሉ አውቅ ነበር፤ ለዚያ ነው የደበቅኩት። ዝም ያልኩትም የምጽፈው ስላጣሁ ነው፤ ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም።

ማሽኑን አልላክሁም። ጋሼ ፈንታሁን በየሳምንቱ ይደውላል፣ አላነሳም። የተገዛው አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ብቻ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቆሟል። ምን ላድርገው?

ተቆጣጣሪው መጣ? አለፋችሁ? እባክዎ ይጻፉልኝ። ውጤቱን ከፈንታሁን አፍ መስማት አልፈልግም።

መሀመድ


ሁሩሙ፣ መስከረም 19 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመሀመድ ሰዒድ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ፤ ዒዱም ስላለፈ እሱንም ጨምርበት። ጤና ነኝ። ንዴቴም ጤና ነው፤ ቀንሷል እንጂ አልሞተም።

ተቆጣጣሪው ሰኔ ላይ መጣ፤ ያው ቦይ ውስጥ የደፋው። ክፍሉን የሠራነው በሰሚራ ግቢ ነው፤ አሸዋውን ከወንዝ ተሸክመን፣ ወለሉን ሲሚንቶ አድርገን። በሩ ላይ የቆመችው ማን ይመስልሃል? ስንቄ። ነጭ ሻሽ አስራ። ሰውየው ከነጭቃ ጫማው ሊገባ ሲል እጇን ዘረጋችበት። «ቆይ ልጄ፣ ወዴት? ጫማህን!» አለችው። «እኔ እኮ ተቆጣጣሪው ነኝ» አላት። «ብትሆንስ? ጭቃው ያንተ ስለሆነ ንጹሕ ነው?» ሰውየው ሳቀ፤ እውነት ነው የምልህ፣ ጫማውን አውልቆ ታጥቦ ገባ።

ግን አላሳለፈንም። አይቡን የምናጠልበትን ጨርቅ አጥበን አጥር ላይ አስጥተን ነበር፤ አንዷ ፍየል ስትልሰው አየ። እሷን ያን ቀን አርጄ ብበላት አልጠግብም ነበር! ጨርቁ ቤት ውስጥ ይሰጣ ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶን ሄደ። ገመድ ወጠርን፣ ሁለተኛ መጣ፣ አየ፣ ፈቃዱን ፈረመ። መቱ ገበያ የገባን ዕለት ፊት አይባችን በተደፋበት ቦታ ነው ሄደን የተቀመጥነው። ሌላ ክፍት ቦታ ነበረ፤ እኛ ግን እዚያ ፈለግን። ስማችንንም አልለወጥንም። ካርቶን ላይ በትልቁ «የሰፈራ አይብ» ብለን በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፍን፤ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ ግን ገዝቶ ይሳቅ። የመቱ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ከቀትር በፊት ጨረሱብን። ጋሼ ፈንታሁንም ሰው ልኮ ገዛ፤ ሸጥንለት፣ ለምን አንሸጥለትም።

ደብዳቤህን ለሴቶቹ አነበብኩላቸው። ሰሚራ አለቀሰች፤ እሷ ለሁሉም ታለቅሳለች። እኔ የተላጠው እጅህ አሳዘነኝ፤ ዘመዴ በሰው አገር ጋን ሲያጥብ ኖሮ እኔ አንድ ቀን እንዴት ነህ ብዬ ጠይቄህ አላውቅም። ባለቤት ሆነህ መምጣት መመኘትህ ኃጢአት አይደለም። የኛ ባለቤት ልሁን ማለትህ ነው የቆረቆረኝ። አሁንም ይህን እልሃለሁ፤ እኛ ትጠፋላችሁ ያልከን አልጠፋንም፣ በሰላምታህ ላይ ይህንን ጨምረህ ለዚያ መንደር ሰዎች ንገርልኝ።

ማቀዝቀዣውን እንከራየዋለን፤ ኪራዩን ማኅበሩ ይከፍልሃል፤ ስጦታ አድርገህ እንዳትልከው፤ እንመልሰዋለን። ሸሪክ መሆን ግን አትችልም። ደንቡን ታውቀዋለህ፣ ያላለበ አባል አይሆንም። ለዘመድ ብለሽ ቀይሪው እንዳትለኝ፤ ስንቄ በሕይወት እያለች አይቀየርም፣ እሷ ብትሞት ደግሞ እኔ አለሁ።

ያቺ ጡቷ ታሞ የዳነችው ፍየል መንታ ወለደች። አንዷ ሴት ናት፤ ለአንተ ለይቼልሃለሁ። ጡት እስክታወጣ አንድ ዓመት አለፍ ቢል ነው። እስከዚያ አሳድግልሃለሁ፣ አግድልሃለሁ፣ መድኃኒትም አስወጋልሃለሁ። ስትወልድ ግን እኔም ሰሚራም ስንቄም እጃችንን አንዘረጋም፤ አንተ መጥተህ ታልባታለህ።

አላህ በሰላም ያግባህ።

እህትህ ሙፊዳ